የጊታሩ ዘር ማንዘር

«ይኼማ ዲዳ ነው!» አለች ዲንቄ።

ፍሬምናጦስ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ቀና ብሎ አያት። ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ይሯሯጣሉ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን መጋረጃ ውስጥ እንደ ተያዘች ትንኝ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ብቻ ነው።

«ዲዳ አይደለም፣ እማማ…»

«እማማህ አይደለሁም። ጊታር ደግሞ አውቃለሁ። ወንድሜ የእንጨት ጊታር ነበረው፤ አንዴ ከነካው አጥር ዘሎ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። ይኼ አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ አይሰማኝም። ድምፁን አውጥተህ ለብቻው ልትሸጠው ነው?»

ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ልጇ ቤዛ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እማ፣ በናትሽ! ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ድምፅ ማጉያ ላይ ካልተሰካ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ይሰካዋ!»

«መብራት የለም» አለ ፍሬምናጦስ፣ ግድግዳው ሥር ወደ ተቀመጠው ጥቁር ሣጥን በአገጩ እያመለከተ።

ዲንቄ ጆሮዋን ወደ ጣሪያው አቀናች። የልደታ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ ከላይኛው ፎቅ የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ይወርዳል።

«እነዚህ ሰዎች ታዲያ ቴሌቪዥናቸው በከሰል ነው የሚሠራው?»

«የኔ ቆጣሪ ካርድ ስላለቀ ነው። አስሞላዋለሁ። ቅዳሜ ብትመጡ ሰክተን እንደ ልባችሁ ትሰሙታላችሁ።»

«ቅዳሜ» አለች ዲንቄ፣ ቃሉን በምላሷ ጫፍ የቀመሰችው ይመስል።

ሰውዬው ይባስ ብሎ በር ድረስ ሲሸኛቸው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ለመሆኑ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናችሁ?» አለ። ሲገቡም ይህንኑ ጠይቋቸው ነበር።

«የእግዚአብሔር» አለችና ዲንቄ ደረጃውን ወረደች።

«እማ፣ ምን ነካሽ? ስሙን ብትነግሪው ምን ይልሻል?» አለች ቤዛ ታች ሲደርሱ።

«እሱስ ቢያውቀው ምን ያደርግለታል? ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስለ ዋጋ ይነጋገራል እንጂ ስለ ሃይማኖት ይመረምራል? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።»

ዲንቄ አብነት ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። በርበሬ ውስጥ የተደባለቀ የሸክላ ዱቄት በአፍንጫዋ ትለያለች፤ ከሌላ ሱቅ ገዝተው የሚያልፉ ሴቶችን ሳይቀር አስቁማ ፌስታላቸውን ታሸታለች። የቤተ ክርስቲያኗ የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ስለ ጊታር ቅንጣት የማታውቀውን ሴት ጊታር ግዢ ላይ የሾማትም ለዚሁ ነው። «እሷን የሚሸውድ ነጋዴ ገና አልተወለደም» ተባለ። እሷም ሹመቱን ከላይ እንደ ተሰጣት ጸጋ ተቀብላ ተነሣች።

ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፣ በሰሌዳቸው ላይ በተጻፈው ስም የሚጠራቸው ግን የለም። ዳገቱ ላይ ያሉት «ላይኞቹ» ናቸው፤ ከዳገቱ ሥር፣ ከአናጢው ቤት በላይ ያለችውን አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩት ደግሞ «ታችኞቹ»። ድሮ አንድ ነበሩ። ጠቡ በመድረክ መጋረጃ ቀለም እንደ ተጀመረ ሁሉም ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ በምን በኩል አልፎ ወደ መለያየት እንደ ደረሰ ግን አሥር ሰው ብትጠይቅ አሥር ዓይነት ነው የምትሰማው። ሲለያዩ ከበሮውም፣ ወንበሩም፣ ኪቦርዱም ላይኞቹ ዘንድ ቀረ። ታችኞቹ ይዘውት የወጡት አንድ ማይክራፎን ነው፤ እሱም ሳይታወቅ የአንዲት ዘማሪ ቦርሳ ውስጥ ተገኝቶ ነው። የታችኞቹ ሽማግሌ ወንድም ቶሌሳ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ላይኞቹ ከሚገዙበት ሱቅ ዳቦ ገዝተው አያውቁም።

ዲንቄ ታችኛ ናት። ልጇ ቤዛም የታችኞቹ ሊድ ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ «ነበረች» የተባለው፣ ስትጫወትበት የቆየችው ጊታር የውሰት ስለነበረ ነው። ባለቤቱ ሥራ ቀይሮ ሐዋሳ ሲሄድ ጊታሩንም ይዞት ሄደ። ቤዛ ለሳምንታት መድረክ ላይ እጇን አጣምራ ከዘማሪዎቹ ጋር አጨበጨበች። ሳታስበው የግራ እጇ ጣቶች ቀሚሷ ላይ ሲንቀሳቀሱ ዲንቄ ከወንበሯ ሆና ታያለች።

በዚህ መሀል ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል በባንዱ ውስጥ እንድትጫወት ጠየቃት። ጊታሩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ደመወዙም ዝግጁ ነው፤ የቀረው የእሷ መልስ ነው፣ እሱንም እስከ ሰኞ ሰጥተዋታል። ቤዛ ነገሩን ከእናቷ አልደበቀችም።

«እማ፣ እጄ እየረሳ ነው» አለቻት ሱቅ ውስጥ ሚጥሚጣ እያሸጉ። «ጊታር ካለ ከእናንተ ጋር ነኝ። ከሌለ ጊታር ወዳለበት እሄዳለሁ። እንዳትከፊብኝ።»

ዲንቄ አልተከፋችም፤ ደነገጠች እንጂ። ሆቴል ሲባል የሚታያት ምሽቱ፣ ጭሱ፣ ብርጭቆው፣ ከዚያ ደግሞ እሁድ ጠዋት የማትነቃ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲንቄ «ጊታር» ስትል ልጇን ማለቷ ነበር።

ወንድም ቶሌሳም ገንዘቡን ሲፈቅዱ አንድ ነገር አሳሰቡ። «አደራ፣ እህት ዲንቄ! ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፣ አቅማችን ያው ነው። ነገር ግን ዳንኪራ ቤት የዋለ እንዳይሆን። መድረካችን ላይ ስንሰካው ልማዱ ቢነሣበት ማን ይመልሰዋል?»

ፍለጋው በፒያሳ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ተጀመረ። በመጀመሪያው ሱቅ አዲስ፣ ቀይ፣ መስተዋት የመሰለ ጊታር ነበረ፤ ዋጋውም ከኮሚቴው አቅም ብዙም የራቀ አልነበረም። ዲንቄ ወደደችው። ቤዛ ግን አንድ ዓይኗን ጨፍና በጊታሩ አንገት ላይ እንደ አነጣጣሪ አየች፣ ክሮቹን ቃኘች፣ ትንሽ ተጫወተች፣ እንደገና ቃኘች።

«አይሆንም። ቅኝቱን አይዝም። አንድ መዝሙር ሳይጨርስ ይወርዳል።»

«ወርዶ የት ይሄዳል?» አለች ዲንቄ።

ሁለተኛውን በቴሌግራም አገኙት። ሜክሲኮ አካባቢ ከባለቤቱ ጋር ተገናኙ፤ ሰውዬው በሥዕሉ ላይ ያለውን ጊታር የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ጊታር ይዞ መጣ። ቤዛ ገና ስትይዘው ክሮቹ ከእንጨቱ የራቁ ናቸው፣ ጣት ይቆርጣሉ አለች። ሦስተኛው ደግሞ ሲነካ የሚያፏጭ ሆነ። አራተኛው ጥሩ ነበር፣ ዋጋው ግን ታችኞቹን ከነአዳራሻቸው የሚያስሸጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ዲንቄ ሌላ ጥርጣሬ የገባባት፣ ከነጋዴዎቹ ጥርጣሬ የከፋ። ይህች ልጅ ሁሉንም «አይሆንም» የምትለው እውነት አይሆንም ብላ ነው? ወይስ ሰኞ እስኪደርስ እያጓተተች ነው? ዲንቄ የጊታር አንገት ጠማማና ቀጥ አታውቅም። ልጇ «ጠማማ ነው» ካለች ጠማማ ነው። በርበሬ ቢሆን ኖሮ አሽታ ታውቀው ነበር።

ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎችን የሚያሻሽጠው ፍሬምናጦስ የተገኘው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። ጊታሩ ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ፣ ማጉያውም አብሮ። ርካሽ ነገር ዲንቄን አያስደስታትም፤ በርበሬ ሲረክስ ምን እንደሚጨመርበት ታውቃለች።

ዲዳውን ጊታር ባዩ በማግስቱ ብቻዋን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ወዳለው የዘይቱና ሱቅ ሄደች። ዘይቱና የቅመም ደንበኛዋ ናት። ዲንቄ አንድ ክብሪት ገዛችና ሳትሄድ ቆመች።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ልጅ ታውቂዋለሽ? ፍሬምናጦስ የሚባለውን?»

የዘይቱና ዓይኖች በሩ። «ለቤዛ ነው?»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ውይ! ሊሾሙት ነው?»

«ኧረ አይደለም! ዕቃ ልንገዛው ነው። ባሕርይው እንዴት ነው? ማን ይመጣበታል? ማታ ማታ የት ያመሻል?»

«ስትጠይቂኝ ግን ልጅ ልትድሪለት ነው የምትመስይው» አለች ዘይቱና፣ ቢሆንም ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ተመቻቸች። «ልጁ ጨዋ ነው፣ አይጮህም፣ አያስቸግርም። ብቻ ቤቱ የሚገባውና የሚወጣው ነገር ግራ ያጋባል። ረጃጅም ጥቁር ሣጥን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሌሎች ደግሞ ተሸክመው ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሬሣ መስሎኝ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።»

«ሰሞኑንስ?»

«ሰሞኑን…» ዘይቱና ግራ ቀኝ አየች፤ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። «ሰሞኑን አንድ ትልቅ ሰው መጣ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ጫማው የሚያበራ። መጽሐፍ በብብቱ፣ ሣጥኑን በሌላ እጁ። ያ ሁሉ ክብር እያለው እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄደው! ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ፣ ወደ ኋላው አየ፣ ከዚያ ደረጃውን ሩጫ። ሲወርድ ባዶ እጁን ነው። እኔን ሲያይ ደግሞ ሰላም ሳይለኝ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ከፍቶ አለፈ።»

ዲንቄ ክብሪቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነላት። ሰውዬው የናይት ክለብ ባለቤት ነው፣ አለበለዚያም የተሰረቀ ዕቃ አቀባይ፤ ፖሊስ እንዳይጠረጥረው ፓስተር መስሎ ለብሷል። ደላላው ደግሞ የተሰረቀውንና የተዘፈነበትን ዕቃ ለምእመናን ለመሸጥ ነው «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ» እያለ የዋሃኑን የሚመርጠው።

ከዘይቱና ሱቅ በቀጥታ የሄደችው አብዱልከሪም ጋ ነው። አብዱልከሪም ሱቋ አጠገብ ድምፅ ማጉያ ይጠግናል፤ የመስጊዱንም፣ የሠርግ ድንኳኑንም፣ የታችኞቹንም። ከታችኞቹ ጋር የተዋወቀው ከተለያዩ በኋላ በገዙት ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱ ተገዝቶ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት፣ ዘይትም ቀቡት፤ ዘይቱ በቁልፎቹ መሀል ገብቶ ሁለቱ ሳይናገሩ ቀሩ። አብዱልከሪም ከፍቶ ካየው በኋላ፣ «ጸሎቱን ቀጥሉበት፣ ዘይቱን ግን ለወጥ አድርጉት» ብሎ መልሶላቸዋል።

«ቅዳሜ አብረኸኝ ሂድ» አለችው። «ማጉያውን መርምርልኝ። ማለት… ማጉያውን እያየህ ልጅቷንም እያት።»

«የትኛዋን ልጅ?»

«ቤዛን። ጊታሩ ደህና ሆኖ እያለ ‹አይሆንም› ካለች ሳል አድርግ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

አብዱልከሪም የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ። «ዲንቄ፣ ልጅሽን ልሰልልልሽ?»

«መሳል ስለላ ነው?»

«እኔ የማውቀው ማጉያ ነው። ክሩንና እንጨቱን እሷ ናት የምታውቀው።»

«ታዲያ እኔ ማንን ልመን?» አለች ዲንቄ። ድምፅዋ ሳታስበው ቀጠነ። አብዱልከሪም አያትና መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ።

ቅዳሜ ፍሬምናጦስ ቤት መብራት ነበረ። ዲንቄ ገና ከመግባቷ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁለቴ ነካክታ አረጋገጠች። ፍሬምናጦስ ዛሬ ሸሚዙን ተኩሷል፤ ይህም አላማራትም። ወለሉ ላይ ጊታሩ፣ ጥቁሩ ማጉያ፣ ከጎናቸው ደግሞ በእግር የሚረገጡ ትናንሽ ባለ ቀለም ሣጥኖች ተደርድረዋል።

«እነዚህስ?»

«ኢፌክት ናቸው። ድምፁን ይለዋውጣሉ። ሁሉንም አብራችሁ ብትወስዱ ቅናሽ አለ።»

«ድምፁ ደህና ከሆነ ለምን ይለዋወጣል?» አለች ዲንቄ።

ቤዛ ተንበርክካ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለየች። «ይቺ ትበቃለች፣ የምታስተጋባዋ። ቀስ ያሉ መዝሙሮች ላይ ታስፈልገኛለች። ሌላው ትርፍ ነው። ያለንን ገንዘብ ጊታሩና ማጉያው ላይ እናውለው።»

«ማጉያውስ የግድ ነው?» አለች ዲንቄ። «አዳራሹ ማይክራፎኑ የሚሰካበት ሚክሰር አለው አይደል? እዚያ ላይ መሰካት ነው።»

«እማ፣ ጊታሩን እንዲሁ ሚክሰር ላይ ብንሰካው ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የሚመስለው።»

ዲንቄ ወደ አብዱልከሪም ዞረች። አብዱልከሪም አልሳለም። «እውነቷን ነው» አለ። «ይኼ ማጉያ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ለእናንተ አዳራሽ ልክ ነው። ከዚህ የሚተልቅ ብትገዙ አናጢው በመዶሻው ጣሪያውን ይደበድብላችኋል።»

ቤዛ ጊታሩን አነሣች። አንድ ዓይኗን ጨፍና አንገቱን አየች። አዙራ አየች። ክሮቹን አንድ በአንድ ተጫነች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ዲንቄ ግን ያን ፊት ዘጠኝ ወር ተሸክማው ሃያ ምናምን ዓመት አጥንታዋለች፣ ያም ሆኖ ዛሬ አልነበብ አላት። ቤዛ ገመዱን ሰካች። ማጉያው «እምምም» አለ።

ቤዛ ቅንድቧን አኮማተረች። «ይኼ ደስ አይልም…»

አብዱልከሪም ሳለ።

«ይኸው!» ብላ ዲንቄ ብድግ አለች። «አውቄብሻለሁ! ደህናውን ጊታር አይሆንም ልትይ ነው! ሆቴሉ ነው ልብሽን የወሰደው፣ ሰኞን ነው የምትጠብቂው!»

ማጉያው ብቻ እምምም ይላል። አብዱልከሪም ከማጉያው ጀርባ ብቅ አለ፤ ጢሙ ላይ አቧራ ተቀምጧል።

«ዲንቄ፣ አቧራ ነው» አለ። «ከጀርባው ከፍቼ እፍ ስል ገባብኝ።» ከዚያ የማጉያውን መሰኪያ ነቅሎ በሌላኛው ሶኬት ሰካው። እምምታው ጠፋ። «ያም የሶኬቱ ጥፋት ነው።»

ቤዛ እናቷን ታያታለች። «ሳል ምልክት ነበር?»

ዲንቄ ተመልሳ ተቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክላለች።

«እማ፣ መሄድ ብፈልግ ሄጄ ነበር። ጊታራቸው ከዚህ ይሻላል፣ ማጉያቸውም ይሻላል። አንቺን ተከትዬ ከፒያሳ ሜክሲኮ የማንንም እንጨት የምቃኘው ለምን ይመስልሻል?»

ጊታሩን ታቅፋ ተጫወተች። መጀመሪያ ጣቶቿ ተደናቀፉ፤ ከዚያ አንድ ቀስ ያለ የአምልኮ ዜማ አገኙና ይዘውት ሄዱ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው የማይቸኩል ነበር። በላይኛው ቤት የሚጮኸው ቴሌቪዥን ድምፁ ተቀነሰ። ዲንቄ ስለ ጊታር አሁንም ምንም አታውቅም፤ ግን የልጇ ትከሻ ሲወርድ አየች፣ ከንፈሯም ቃላቱን ያለ ድምፅ ሲል አየች።

«ይኼ ነው» አለች ቤዛ ስትጨርስ። «እማ፣ ይኼ ነው።»

ያን ጊዜ ዲንቄን የባሰ ፍርሃት ያዛት። እስካሁን ልጇ እንዳትጥለው ስትፈራ ነበር፤ አሁን ወደደችው። ዕቃው የተዘፈነበት ሆኖ ወንድም ቶሌሳ «ይመለስ» ቢሉስ? ወደ ፍሬምናጦስ ዞረች።

«ባለ ከረባቱ ሰውዬ ማነው?»

ፍሬምናጦስ ይዞት የነበረውን ገመድ ጣለ። «የቱ ባለ ከረባት?»

«ደረጃውን በሩጫ የወጣው። መጽሐፍ አፍንጫው ላይ የሚከፍተው።»

«እ… ደንበኛ ነው።»

«የናይት ክለብ ነው አይደል? ከየትኛው ዳንኪራ ቤት ነው ያመጣው? እውነቱን ተናገር፣ እኔ እንደሆንኩ አጣርቼ ነው የመጣሁት።»

ፍሬምናጦስ ሳይወድ ሳቁ አመለጠው። «ናይት ክለብ? ኧረ እሳቸው ሰምተውዎት ቢሆን!» ሳቁን ዋጠና መልሶ ጠየቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?»

«አንተ መጀመሪያ ተናገር።»

«እርስዎ ይናገሩ።»

«ለምን ፈለግኸው?»

«እርስዎስ ለምን ይደብቁታል?»

እንዲህ እንደ ተፋጠጡ፣ የማጉያውን ጀርባ እየገጠመ የነበረው አብዱልከሪም ብሎኑን ከጥርሱ መሀል አወጣና፣ «ታችኞቹ ናቸው» አለ። «ምኑ ነው ምስጢሩ? ከአናጢው በላይ ያሉት።»

ፍሬምናጦስ ዘሎ ጊታሩን ከቤዛ እጅ ሊወስድ እጁን ዘረጋ። ቤዛ አንገቱን አልለቅም አለች።

«አልሸጥም!» አለ። «ለታችኞቹ አልሸጥም። ቃል ገብቻለሁ!»

«ለማን?»

«ለባለ ከረባቱ! ለወንድም ሸዋንግዛው!»

ዲንቄ ስሙን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ሸዋንግዛው የላይኞቹ ሽማግሌ ነው። በመጋረጃው ጠብ ጊዜ ሰማያዊው ይሁን ብሎ በመጨረሻ ጠረጴዛ የመታው እሱ ነው።

«የላይኞቹ ጊታር ነው?»

«የነሱ ነው። አዲስ ሲገዙ ይኼን ሽጥልን ብለው አመጡት። ‹ዋጋው ቢረክስም ግድ የለም፣ ለፈለግኸው ሽጠው› አሉኝ። ‹ለናይት ክለብም ቢሆን ሽጠው። ለታችኞቹ ብቻ እንዳትሰጥ› አሉኝ። መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ነው ያሉኝ። እኔ ታዲያ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ሁሉ የየትኛው ናችሁ እያልኩ ሰው ታዘበኝ።»

አብዱልከሪም ከወለሉ ሳይነሣ መሳቅ ጀመረ። ሳቁን ሲጨርስ በመዳፉ ዓይኖቹን ጠረገ።

«ቃልህ ለታችኞቹ ላለመሸጥ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ታችኛ እመስላለሁ?»

ፍሬምናጦስ ጢሙንና ኮፍያውን ተራ በተራ አየ። «ኧረ በጭራሽ።»

«ላይኛስ?»

«እሱንም አይመስሉም።»

«እንግዲያው ለእኔ ሽጥልኝ። ሸዋንግዛው ስለ አብዱልከሪም ያሉህ ነገር የለም። እኔ ከገዛሁት በኋላ ለጎረቤቴ ብሰጠው አንተን ምን ያገባሃል?»

ፍሬምናጦስ ቃሉን ከፊት ከኋላ፣ ከላይ ከታች ዞረው። ከዚያ እጁን ከጊታሩ ላይ አነሣ። ዲንቄ ገንዘቡን ቋጥራ ከጡቷ መሀል ያወጣችውን መሐረብ ለአብዱልከሪም ሰጠችው፣ አብዱልከሪም ለፍሬምናጦስ ሰጠው፤ ግዢው በዚህ አለቀ። ቤዛ ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ ልታስተኛው ስትል እንደገና አወጣችና ክሮቹን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ስልኳ ጮኸ። የሆቴሉ ቁጥር ነበር። አየችውና ገለበጠችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን ጠበቀች።

ዲንቄ ግን አልተነሣችም። የሚያስጨንቃት ገና አሁን ነበር የመጣው።

«ይኼ እኮ ያ ጊታር ነው» አለች። «እሁድ እሁድ ከዳገቱ እየወረደ ስብከታችንን የሚያቋርጠው። ወንድም ቶሌሳ መስኮት ዘግተው ስንት ዓመት የገሠጹት ድምፅ ይኼ ነው! አሁን እኔ ይዤው ልገባ?»

«ከአብዱልከሪም ገዛሁት በያቸው» አለች ቤዛ። «ውሸት አይደለም።»

«አብዱልከሪም ከማን ገዛው ይላሉ። እሳቸውን አታውቂያቸውም? መጥረጊያ እንኳ ሲገዛ ሣሩ ከየት እንደ ታጨደ ነው የሚጠይቁት። የላይኞቹ እንደሆነ ከሰሙ አዳራሹን ለቀው ነው የሚወጡት። ልዋሽ ደግሞ አልችልም፤ ነገ መዝሙር የምትጀምሪው አንቺ፣ ፊታቸው የምቀመጠው እኔ።» ወደ አብዱልከሪም ዞረች፤ እሱ ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መካከል እየጠቀለለ ነበር። «ኧረ ምከረኝ፣ አንተ ሰው! ከየት መጣ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

አብዱልከሪም ጥቅሉን ጨርሶ ጫፉን አሰረ።

«ከናይት ክለብ ነው በያቸው» አለ፤ «ለእሱስ ጸሎት አላችሁ።»